660 ዶላር ለአንድ በር

ድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር የደረሰኝ ጥያቄ፦

«እኔ 57፣ ባለቤቴ 64 ዓመታችን ነው። እሱ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ሚኒሶታ ያለችው ልጃችን ለ35ኛ ዓመት ጋብቻችን የክሩዝ፣ የመርከብ ሽርሽር፣ ጉዞ ልታዘጋጅልን ነው። በመስከረም መጨረሻ ሮም አካባቢ ተሳፍረን 7 ሌሊት ሜዲትራኒያንን እንዞራለን። እሷም ከ11 ዓመት ልጇ ጋር ትመጣለች፤ ካየኋት 4 ዓመት ሆነኝ። በረንዳ ያለው ተራ ካቢን ለአንድ ሰው 1,150 ዶላር ነው። የስፓ ካቢን የሚሉት ደግሞ 1,480። ልጄ ለራሷ ተራውን ልትይዝ፣ ለእኛ ግን ‹እማዬ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ለፍተሻል፣ የስፓውን ውሰጂ› እያለች ነው። እኔ የልጄን ገንዘብ በከንቱ እንዳላስወጣ ፈራሁ። ባለቤቴ ስኳር አለበት። አንተ ይሄን የምትሸጥ ሰው ነህ፤ እውነቱን ንገረኝ፣ ይገባል?»

አንተ ብለሽ ስለጻፍሽልኝ እኔም በአንቺ እመልሳለሁ። ድሬ ላይ አንቱታ ሰው ያራርቃል። የሌላ አገር አንባቢ ባለጌ እንዳይለኝ ብዬ ነው ቀድሜ የምናገረው።

አዎ፣ የምሸጠው ይሄንኑ ነው። ከዚራ ካለችው ቢሮዬ የአውሮፕላን ትኬት፣ ዑምራ፣ አንዳንዴም ክሩዝ እሸጣለሁ። ሰው ውዱን ሲገዛ የእኔም ኮሚሽን ከፍ ይላል። ያንቺን ግን ልጅሽ ከአሜሪካ ስለምትገዛው እኔ ጋ የምትገባ ሳንቲም የለችም። ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። በጻፍሽልኝ ሁኔታ ለእናንተ አይገባም። ለሌላ ሰው ይገባ ይሆናል። ልጅሽ ስትከራከርሽ መልስ እንዲኖርሽ ምክንያቱን ላስረዳሽ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ካቢኑ ውስጥ ስፓ የለም። ብዙ ሰው የስፓ ካቢን ሲባል ክፍሉ ውስጥ ጃኩዚ ያለ ይመስለዋል። አልጋው ያው አልጋ ነው። በረንዳውም ሁለት ወንበርና አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ የሚይዘው ያው በረንዳ ነው። መታጠቢያ ቤቱም ስትዞሪ ክርንሽ ግድግዳ የሚነካበት ነው። ልዩነቱ ጥቃቅን ነገር ነው። ወፍራም ጋዋን፣ ነጠላ ጫማ፣ ትንሽ የተሻለ ሻወር፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ የዮጋ ምንጣፍ። ለጋዋን ብሎ በአንድ ሰው 330፣ ለሁለት 660 ዶላር የሚያወጣ ሰው የለም።

ዋናው ነገር ያለው ሌላ ቦታ ነው። የመርከቡ ስፓ ውስጥ ተርማል ስዊት የሚባል ቦታ አለ፤ የሙቀት ክፍሎቹ ማለት ነው። ማሳጅ ከሚሰጥበት ቦታ የተለየ ነው። የስፓ ካቢን ከያዝሽ የመግቢያ ፈቃዱ ካርድሽ ላይ ይጫናል። ተራ ካቢን የያዘው ሰው ለብቻ ካልከፈለ አይገባም። ለባለቤትሽ በእሱ ቋንቋ ንገሪው፤ ቶሎ ይገባዋል። በድሮው ባቡር አንደኛ ማዕረግ ስትቆርጪ ወንበሩ ራሱ ይለያል። እዚህ ግን ወንበሩ አንድ ነው፤ ጭማሪው የአንድ በር ዋጋ ነው።

ከበሩ ወዲያ ያለውን አይቼዋለሁ። ባርሴሎና ወደብ ላይ ለጉዞ ወኪሎች በተዘጋጀ ጉብኝት አንዴ ገብቻለሁ። ትልቅ መስታወት ፊት ለፊት በሸክላ ንጣፍ የተሠሩ አልጋዎች ተደርድረዋል። የሰው ጀርባና ጉልበት እንዲከተሉ ሆነው ጎበጥ ጎበጥ ብለዋል። ከውስጥ ይሞቃሉ። በእጄ ስነካው እንጀራው አልቆ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ምጣድ ላይ የሚቀረውን ሙቀት አስታወሰኝ። አያቃጥልም፤ ግን እጅሽን ማንሳት አትፈልጊም። ፎጣ አንጥፌ ተጋደምኩ። በመስታወቱ ውጭ ክሬኖቹ ኮንቴይነር ያወርዳሉ፤ ድምፃቸው ግን አይሰማም። ወገቤ «ኧረ ተው» አለኝ። አስጎብኛችን ትከሻዬን ነክታ ቀሰቀሰችኝ። ተኝቼ ነበር፤ አብረውኝ የነበሩት ወኪሎች ሳቁብኝ።

ከዚያ ስቲም ክፍሉ አለ። የባሕር ዛፍ ሽታ ያለው እንፋሎት ነው። ልጅ ሆነን ጉንፋን ሲይዘን ባሕር ዛፍ አፍልተው ብርድ ልብስ ደፍተውብን የታጠንነው ሽታ ማለት ነው። ከአራት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሄደሽ፣ በዶላር ከፍለሽ፣ የእናትሽን ቤት ትሸቻለሽ። ሳውናው ደረቅ ሙቀት ነው። አንዳንድ መርከብ ላይ ግድግዳው በጨው የተሠራ ክፍል አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣችው ኖርዌጂያን ኤስኬፕ የምትባል መርከብ ደግሞ እውነተኛ በረዶ የሚወርድበት ክፍል አላት። ለድሬ ሰው ከሁሉም የሚሸጠው ይሄ ነበር።

ቢሮዬ ለሚመጣ ሰው ስለ ሙቀት ክፍል ሳወራ የሚስቅብኝ አይጠፋም። «አቦ ተወን! ግንቦት ላይ 35 ዲግሪ በነጻ እያገኘን?» ይሉኛል። ግን አትቸኩዪ። በመስከረም መጨረሻ ሜዲትራኒያን ላይ ማታ ማታ ንፋሱ ይበርዳል። እኛ 18 ዲግሪ ላይ ጋቢ የምንፈልግ ሰዎች ነን። ከሰዓቱን መርከቡ አናት ላይ በንፋስ የተገረፈ የድሬ ሰው፣ ያንን የሞቀ ሸክላ ሲያገኝ እኔ እንደሆንኩት ይሆናል። ስለዚህ ነገሩ ከንቱ ነው አልልሽም። ደስ ይላል። ጥያቄው ስንት ሰዓት ትገቢበታለሽ ነው።

እስቲ እናስላው። ሰባት ቀን አላችሁ። የመጀመሪያው ቀን መሳፈሪያ ነው፤ ሻንጣ፣ የአደጋ ጊዜ ልምምድ፣ ግርግር። በተለመደው የምዕራብ ሜዲትራኒያን መስመር አምስቱ ቀን ወደብ ነው። አንዱ ብቻ መርከቡ ባሕር ላይ ይውላል። ወደብ በሆነ ቀን ጠዋት ትወርዳላችሁ። ማርሴይ ላይ ባለቤትሽ በምድር ባቡር የተማረውን ፈረንሳይኛ ይፈትሻል። አመሻሽ ላይ እግራችሁ አልቆ ትመለሳላችሁ። ከእራት በፊት ቢበዛ አንድ ሰዓት ትገቢያለሽ። ያኔ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚገባበት ሰዓት ነው። ባሕር ላይ በምትውሉበት ቀን ሦስት ሰዓት እንበል። ሲደመር 8 ሰዓት ነው። 330ን ለ8 ስታካፍዪው በሰዓት 41 ዶላር ይመጣል፤ ለአንድ ሰው። ለሁለት ሲሆን 82። ሚኒሶታ ያለችው ልጅሽ 82 ዶላር ለማግኘት ስንት ሰዓት እንደምትቆም አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ።

አሁን ሌላ ሒሳብ። ብዙ መርከብ ላይ ይሄን በር ብቻውን መግዛት ይቻላል። የሳምንት ፓስ ይሉታል። ዋጋው ከመርከብ መርከብ ይለያያል፤ ለአንድ ሰው 200 ዶላር ነው ብንል፣ ተራ ካቢን ይዘሽ ፓሱን ብትገዢ 130 ዶላር ይተርፍሻል። ለሁለት 260። ይሄ 260 ነው እንግዲህ የጋዋኑና የነጠላ ጫማው ዋጋ። አንዳንዱ ደግሞ የቀን ፓስ ይሸጣል። ባሕር ላይ ለምትውሉበት አንድ ቀን ብቻ ገዝቶ መግባት ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ፓሱ በቁጥር የተወሰነ ነው፤ በተሳፈራችሁበት ቀን ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ የሚፈልግ ሰው እንደገባ ሻንጣውን ሳይፈታ ወደ ስፓው ነው የሚሄደው።

ኩባንያዎቹ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደሉም። ሰለብሪቲ የሚባለው ኩባንያ የስፓ ካቢኑን አኳ ክላስ ይለዋል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ሶልስቲስ ከምትባለው መርከብ ጋር የጀመረው ነው። እሱ ላይ ከሙቀት ክፍሉ ሌላ ብሉ የሚባል ለብቻ የሆነ ሬስቶራንት አለ። አሳ፣ አትክልት፣ ቅባቱ ቀለል ያለ ምግብ። ወረፋ የለም፣ ጫጫታ የለም። እውነቱን ለመናገር አኳ ክላስን ደጋግሞ የሚገዛው ሰው ብዙውን ጊዜ ለሬስቶራንቱ ብሎ ነው። ካርኒቫል ክላውድ ናይን ይለዋል። ኤምኤስሲ ኦሪያ የሚለው ደረጃም የሙቀት ክፍሉን ያካትታል። ኖርዌጂያን በግልጽ የስፓ ካቢን ብሎ ይሸጣል። ቫይኪንግ የሚባለው ደግሞ ከነጭራሹ ይለያል፤ የሙቀት ክፍሉ ለማንኛውም ተሳፋሪ ነጻ ነው። ግን ከመነሻው ትኬቱ ውድ ነው፣ ከ18 ዓመት በታችም አይቀበልም። የልጅ ልጅሽን ይዛችሁ አትገቡም።

ልጅሽ የትኛውን ኩባንያ እንደመረጠች አልጻፍሽልኝም። ይሄን የምለው ስሙን አምነሽ እንዳትገዢ ነው። እኔ ራሴ ተሸውጃለሁ። ከሐረር ለመጡ ባልና ሚስት ስፓ የሚል ቃል ስሙ ላይ ያለበት ካቢን አስያዝኩላቸው። የድርጅቱን ስም ተዪው። ሰዎቹ በመጀመሪያው ምሽት ፎጣ ይዘው ሄዱ፤ በሩ ላይ ተመለሱ። ለካ ካቢኑ ስፓ የተባለው ስፓው ባለበት ደክ፣ ማለትም የመርከብ ፎቅ፣ ላይ ስለነበረ ነው። መግቢያው አልተካተተም። ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው፤ በጽሑፍ አልጠየቅኩም። ሲመለሱ ጁገል ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሴትዮዋ ቡና አፍልታ «ግድ የለም፣ በረንዳው ጥሩ ነበር» አለችኝ። ባልየው ግን እስካሁን ሲያየኝ «የስፓው ሰውዬ» ነው የሚለኝ።

ስለዚህ ልጅሽ ኩባንያውን በኢሜይል እንዲህ ብላ ትጠይቅ። የተርማል ስዊቱ መግቢያ ለሁለቱም ሰው፣ ለሁሉም ቀን፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በካቢኑ ዋጋ ውስጥ አለ ወይ? ለብቻው ፓስ ብንገዛስ ስንት ነው? የቀን ፓስ አለ ወይ? የዕለት ቲፑስ ዋጋው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች። ብዙ የአሜሪካ ኩባንያዎች ለአንድ ሰው በቀን ከ15 እስከ 20 ዶላር ያስከፍላሉ። ለሁለት ሰው ለሰባት ሌሊት 210 እስከ 280 ዶላር ነው። አንዳንዱ ጋ የስፓ ካቢን የያዘ ሰው ቲፑ ከተራው ትንሽ ከፍ ይላል።

ማሳጅ ደግሞ የትም ቢሆን ለብቻ ይከፈላል ብለሽ አስቢ። ልጅሽ «ስፓ» ስትል በሐሳቧ ያለው ማሳጅ ይመስለኛል። 150 ዶላር ተብሎ የተለጠፈ ማሳጅ 18 ወይም 20 በመቶ አገልግሎት ይጨመርበትና 180 አካባቢ ይገባል። ከዚያ ያሸችሽ ልጅ ቅባትና ክሬም ልትሸጥልሽ ትጀምራለች። ሥራዋ ነው፤ አትቀየሚያት፣ «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» በቂ ነው። ማሳጅ ብቻ ከሆነ የምትፈልጊው ተራ ካቢን ይዘሽ አንዴ ታሺ። መርከቡ ወደብ በቆመ ቀን ቅናሽ ያደርጋሉ፤ ሰው ሁሉ ወርዶ ስፓው ባዶ ስለሚሆንባቸው።

ከገንዘቡ ውጭ ሁለት ሦስት ነገር አለ፤ ሻጭ አይነግርሽም።

ከተማችን ውስጥ ስቲም ወይም ሞሮኮ ባዝ ስትሄዱ የሴትና የወንድ ለየብቻ ነው። መርከብ ላይ አይደለም። ተርማል ስዊት ወንድና ሴት አንድ ላይ ነው። በዋና ልብስ ነው የሚገባው። ከማታውቂው ሰውዬ ጎን በዋና ልብስ ተጋድሜ አርፋለሁ ካልሽ ጥሩ። እኔ እንደማውቃቸው የድሬና የሐረር እናቶች ግን አንዴ ገብተው ጋዋናቸውን ጥብቅ አድርገው የሚወጡ ይበዛሉ። ሙሉ ሰውነት የሚሸፍን የዋና ልብስ ይፈቀዳል ወይ የሚለውንም አብራችሁ ጠይቁ። የጀርመን ኩባንያ መርከብ ከሆነ ደግሞ ሳውና ውስጥ የሚገባው ያለ ልብስ ነው። ይሄን በቀልድ የምጽፍ እንዳይመስልሽ።

ሁለተኛው የባለቤትሽ ስኳር ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ደንበኞቼን ግን ሐኪም ሳያዩ ሙቀት ክፍል አላስገባም። ስኳር የቆየበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ይችላል። የሞቀውን ሸክላ ሳይሰማው ሊቃጠል ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ከሆነ ሙቀት መድኃኒቱ ቶሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል፤ ስኳሩ ድንገት ሊወርድበት ይችላል። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ከሳውና ድንገት ሲነሳ ራሱን ያዞረዋል። ሐኪሙ «አይሆንም» ካለ ከ660 ዶላሩ ግማሹ ገና ሳትሳፈሩ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪሙ ይጠየቅ፣ ካቢኑ በኋላ።

ሦስተኛው ካቢኑ ያለበት ቦታ ነው። የስፓ ካቢኖች ለስፓው እንዲቀርቡ ተብሎ ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ደክ ላይ፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ወደ መርከቡ አፍንጫ ይሆናሉ። ማዕበል ሲመጣ በጣም የሚነሳውና የሚወርደው ያ ቦታ ነው። ትንሽ የሚንቀሳቀሰው ዝቅ ያለ ደክ፣ መሀል ላይ ያለ ካቢን ነው። ባለቤትሽን አንድ ጥያቄ ጠይቂው። ወደ ሐረር ሲሄድ ደንገጎ ጠመዝማዛው ላይ ያጥወለውለዋል? አዎ ካለ ነገሩ አልቋል። መሀል፣ ዝቅ ያለ፣ ተራ በረንዳ ያዙ። ባቡር ላይ ዕድሜውን ያሳለፈ ሰው ምንም አይሆንም ብትዪኝ አላምንሽም። ባቡር እንደዚያ አይወዛወዝም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ደብዳቤሽን ሳነብ ቆም ያደረገኝ ዋጋው አይደለም፤ ልጅሽን ካየሻት 4 ዓመት መሆኑ ነው። እሷ ተራ ካቢን ነው የምትይዘው። የእሷ ካርድ ያንን በር አይከፍትም። ፓስ ብትገዛ እንኳ የ11 ዓመት ልጇ አይገባም፤ ከ16 ወይም ከ18 ዓመት በታች የማያስገቡት ይበዛሉ። ብሉ ዓይነት ሬስቶራንት ያለበት ከሆነ ደግሞ እዚያም አብራችሁ አትቀመጡም። እናንተ ለብቻችሁ አሳችሁን ትበላላችሁ፣ እሷና ልጇ ታች ዋናው ሬስቶራንት ይበላሉ። የ4 ዓመት ናፍቆት ይዘሽ ሄደሽ፣ ልጅሽ የከፈለችበት በር ከልጅሽ ይለይሻል።

እኔ ብሆን 660 ዶላሩን ለሌላ ነገር አዞረዋለሁ። ልጅሽ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ በረንዳ ያላቸው ካቢኖች፣ መሀል ላይ፣ ትፈልግ። በአንዳንድ መርከብ ላይ በሁለቱ በረንዳዎች መካከል ያለውን ግርዶሽ የክፍሉ አስተናጋጅ ይከፍተዋል። አንድ ረጅም በረንዳ ይሆናል። ጠዋት በጋዋንም ባይሆን በነጠላ ተቀምጣችሁ ሻይ ትጠጣላችሁ። ቡና ማፍላቱን ግን አታስቢው፤ እሳትና ምድጃ ካቢን ውስጥ ክልክል ነው፣ ሻንጣ ሲፈተሽ ይወስዱብሻል። ረቡዕና ዓርብ ለጾም ቀድማችሁ ካሳወቃችሁ ዋናው ሬስቶራንት ያዘጋጃል። ለዚያ ብላችሁ የስፓ ሬስቶራንት አያስፈልጋችሁም።

የተረፈውን ደግሞ ሌላ ወጪ ይጠብቀዋል። የሸንገን ቪዛ (የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ)፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ ከድሬ አዲስ አበባ መመላለሱ። መርከቡ ቱርክ ወይም ቱኒዝያ የሚነካ ከሆነ ከሸንገን ወጥቶ መመለስ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ነው የምትጠይቁት። ሲቪታቬኪያ፣ የሮም ወደብ የሚሉት፣ ከሮም በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ይርቃል። አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። በረራ ቢዘገይ መርከብ አይጠብቅም።

ሐሳቤን የምቀይረው መቼ ነው? መስመሩ ሦስትና ከዚያ በላይ ቀን ባሕር ላይ የሚውል ከሆነ፤ ለምሳሌ አትላንቲክን የሚያቋርጥ ጉዞ። ወይም የዋጋ ልዩነቱ ከሁለት ፓስ በታች ከወረደ፤ መነሻው ሲቃረብ አንዳንዴ ይወርዳል። ወይም ደግሞ ልጅሽ ሳትመጣ አንቺና ባለቤትሽ ብቻችሁን የምትሄዱ ከሆነ፣ ሐኪሙም ከፈቀደ። ያኔ ውሰዱት እላለሁ፤ ያ የሞቀ ሸክላ በእውነት ወገብ ያስረሳል።

እስከዚያው ለልጅሽ ‹አልፈልግም› ብለሽ አትመልሽላት፤ ትከፋለች። ‹ካንቺ ጎን ያለውን ካቢን ነው የምፈልገው› በያት። የመርከቡን ስምና የካቢኑን ቁጥር ስታገኚ ላኪልኝ፤ ምን ላይ እንዳለ፣ ከላዩ ዲስኮ ይሁን ኩሽና፣ ከፕላኑ አይቼ እነግርሻለሁ። የደንገጎዋን ጥያቄ ግን ዛሬውኑ ጠይቂው።